የቡግናን የምርጫ ውጤት ለጠየቅከው ወንድሜ

«ቡግና የምርጫ ክልል ከ1987 ጀምሮ ለተወካዮች ምክር ቤት ማን እንዳሸነፈ የት አገኛለሁ? ስንት ቀን ይፈጅብኛል?» ብለሃል። ቀኑን እርሳው። እኔ በሁለት ሳምንት እጨርሳለሁ ብዬ ገብቼ ሰባት ወር ፈጀብኝ። መቼም ለመመረቂያ ጽሑፍ ነው፤ ያለዚያ ጤነኛ ሰው ይሄን አይጠይቅም።

1ኛ፦ ወረዳና የምርጫ ክልል አታምታታ። ላሊበላ ዙሪያ ያለው የዛሬው ላስታ ወረዳ ድሮ ቡግና ውስጥ ነበር። አሁን ቡግና ሲባል አይና ያለችበት ነው። የዛሬን ካርታ ይዘህ የ1997ን ውጤት ብትፈልግ ትዞራለህ።

2ኛ፦ ለ2002 እና ለ2007 እግርህን አታድክም። በ2007 547ቱም ወንበር የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆኗል። በ2002 ያመለጧቸው ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱን አዲስ አበባ ላይ የተቃዋሚዎቹ ጥምረት መድረክ፣ ሌላውን ከፋ ላይ የግል ተወዳዳሪ ወሰዱት። ቡግና የለችበትም። አለቀ።

3ኛ፦ ደብዳቤ። ከዩኒቨርሲቲ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ይዤ አንድ ቢሮ ሄድኩ፤ ስሙን አልጠራም። ሴትዮዋ ሻይዋን እየጠጣች፣ ቀና ሳትል፣ «የሚመለከተው ሁሉ እኔ አይደለሁም» ብላ መለሰችልኝ። ተመልሼ ሌላ አጻፍኩ። ማህተሙ ደብዝዟል ተባልኩ። በሦስተኛው የተሰባበረ ወንበር ከተከመረበት ክፍል አስገቡኝ። ካርቶኑ በሲባጎ ታስሯል፣ ጠርዙን አይጥ በልቶታል። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው ስላሉኝ ቆሜ በእጄ ገለበጥኩት። ስወጣ ግን ደረቴን ነፍቼ ነው። ከክፍላችን ይህን ያህል የደከመ አልነበረም፤ እውነቱን ነው የምነግርህ።

4ኛ… ቁጥሩን ልተወውና ያቃጠለኝን ልንገርህ።

ገጠር ወርጄ ሰዎች ሳነጋግር አንድ አባት «በ97 ሁለት ጊዜ ነው የመረጥነው» አሉኝ። እኔ አዋቂው፣ የተወካዮች ምክር ቤትና የክልል ምክር ቤት ወረቀት ለየብቻ ስለሆነ ሁለቱን ወረቀት ማለታቸው ነው ብዬ አለፍኩ። እሳቸው አልለቀቁኝም። «ኋለኛው በፍልሰታ ነው፣ ጾሙ ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በጭቃ» አሉ። ምርጫው ግንቦት 7 ነበር፤ በግንቦት ምን ፍልሰታ አለ? ዘመን ተምታቶባቸዋል ብዬ ማስታወሻዬ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጌ ተውኩት።

መመረቂያዬን ልከላከል ቀረብኩ። ፈታኙ ገጹን ገልጦ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ «ነሐሴስ?» አለኝ። የምን ነሐሴ? ላቤ በጆሮዬ ስር ወረደ።

ለካ ከግንቦቱ ቆጠራ በኋላ ቅሬታ ቀርቦ በ31 የምርጫ ክልሎች ድጋሚ ምርጫ ተደርጓል፤ ነሐሴ 15 ቀን 1997። ቡግና አንዷ ነበረች። በግንቦቱ የተሸነፉት የያኔው የማስታወቂያ ሚኒስትር አቶ በረከት ስምዖን በነሐሴው አሸነፉ። 31ዱንም የወሰደው ኢሕአዴግ ነው። እኔ የገለበጥኩት የግንቦቱን ብቻ! ምክር ቤት የገባውን ሰው ተሸንፎ እንደቀረ አድርጌ፣ ሠንጠረዥ ሠርቼ፣ በደማቁ ጽፌዋለሁ። ነሐሴ 16 ፍልሰታ እንደሚፈታ የላስታ ልጅ ሆኜ ሳላገናኘው መቅረቴ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል። ሴሚስተሩ ተቃጠለ። የቤት ኪራዩንም ጨምርበት።

አንተ እንደኔ አትሁን። የ1997ን ስትጠይቅ «የግንቦቱንም የነሐሴውንም» ብለህ ደብዳቤው ላይ አስጽፍ። የኃላፊውም የሥራ መደብ በትክክል ይጻፍ፤ ማህተሙ ይጉላ። የ2013ቱ ሰኔ 14 ቀን ነው የተካሄደው፤ ግንቦት ግንቦት ስትል እንዳያመልጥህ። ገበሬዎቹን ስታነጋግር የፓርቲ ስም አትደርድርባቸው፤ በምልክቱ ነው የሚያስታውሱት። ኢሕአዴግን «ንብ»፣ ተቃዋሚውን ቅንጅትን «ሁለት ጣት» በላቸው፣ ወዲያው ይገባቸዋል።

እኚያ አባት ጋ ተመልሼ ስኳርና ቡና ይዤ ሄጄ ነበር። ይቅርታ ስጠይቅ ሳቁብኝ፤ «ወረቀትህ አሁን አመነ?» አሉኝ።

የ1987ቱን ካገኘህ ግን ለኔም ላክልኝ። እኔ ሳላገኘው ነው የተመረቅኩት።