መልስ፦ የጽንሱ ኩላሊት ውኃ ቋጥሯል ስለተባለው

እህቴ፣ ከደብረ ሲና የላክሽውን ጥያቄ አነበብኩ። በ24ኛው ሳምንት በአልትራሳውንድ የልጅሽ ግራ ኩላሊት ውኃ ቋጥሯል ተብለሽ፣ ብዙ ውኃ በመጠጣቴ ይሆን ብለሻል። በፍጹም አይደለም! የጠጣሽውም የተሸከምሽውም አላመጣውም፤ ውኃ መጠጣትሽንም አታቋርጪ።

የተጠራቀመው የጽንሱ የራሱ ሽንት ነው። ወደ ፊኛ የሚወርድበት መንገድ ጠብቦ ወይም ሽንቱ ወደ ላይ እየተመለሰ ሊሆን ይችላል፤ ቀላል የሆነው መስፋት ግን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ስለዚህ ቁጥሩን ጠይቂ፦ የኩላሊቱ ሽንት መሰብሰቢያ ስንት ሚሊሜትር ሰፍቷል? ከ28ኛው ሳምንት በፊት ከ4፣ ከዚያ ወዲህ ከ7 በታች ከሆነ እንደ ጤናማ ይቆጠራል።

ከዚህም በላይ እኔን የሚያሳስበኝ የእንሽርት ውኃው ነው። ከእርግዝናው አጋማሽ ወዲህ አብዛኛው የጽንሱ ሽንት በመሆኑ፣ በቂ ከሆነ ቢያንስ አንዱ ኩላሊት እየሠራ ነው። በጣም ካነሰ ሳንባው በደንብ አያድግም። ውኃው ከቀነሰ ወይም ሁለቱም ኩላሊቶች ካበጡ፣ በተለይ ጽንሱ ወንድ ከሆነ፣ ቀጠሮሽን ሳትጠብቂ ከደብረ ብርሃን የሪፈር ወረቀት አጽፈሽ አዲስ አበባ የእናትና ጽንስ ልዩ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ሐኪሙ ሲያስረዳሽ ባለቤትሽ ወይም እናትሽ አብረውሽ ይግቡ፤ የደነገጠ ሰው የሰማውን ሁሉ አይዝም። ጎረቤት «አስወርጂው» ስላለሽ በአንድ ምስል ብቻ አትወስኚ።

የአልትራሳውንዱን ውጤት ለአዋላጇ አሳዪ። ሕፃኑ ሲወለድ አጣዳፊ ምልክት ከሌለው የመጀመሪያው የኩላሊት አልትራሳውንድ ከ48 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ከዚያ በፊት እብጠቱ ላይታይ ይችላል።