«የሕዝብ ብዛት» ወይስ «የሕዝብ ቁጥር»?

አንዲት የጂኦግራፊ መምህርት እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል። «ለተማሪዎቼ ‹ከ1987 እስከ 1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝብ ብዛት ጨመረ› ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ ‹ብዛት›ን ሰርዞ ‹ቁጥር› አደረገው። ብዛት ማለት መብዛት ስለሆነ ‹ብዛት ጨመረ› ማለት ‹በዛ በዛ› እንደ ማለት ነው አለኝ። እውነቱን ነው?»

አይደለም፣ መምህርት። የተሰረዘብዎት ደህና ዓረፍተ ነገር ነው።

ይህን እርማት ስሟገተው ዓመታት አልፈዋል። አራሚዎቹ የሚሉት «ብዛት» ከ«በዛ» ስለ ወጣ ለብዙ ነገር ብቻ ይነገራል ነው። ታዲያ ርዝመትስ? እሱም ከ«ረዘመ» ነው የወጣው። ግን አጭሩንም ሰው «ርዝመትህ ስንት ነው?» እንለዋለን። ላባ ክብደት አለው። ጠባብ ክፍልም ስፋት አለው። አማርኛ ልኬትን የሚሰይመው ከትልቁ ወገን ተነሥቶ ነው። ለዚህ ነው በ1999ኙ ቆጠራ 200 ሺህ ያልሞላውን የሐረሪ ክልል ሕዝብ «ብዛቱ ይህን ያህል ነው» ስንል ማንም የማይደናቀፈው። «ርዝመቱ ጨመረ» ካልን ደግሞ «ብዛቱ ጨመረ» ምን በደለ?

ሥሩ የግእዙ «በዝኀ» ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኀ» አማርኛ ውስጥ ስትዋጥ ራብዕ ትታ ሄደች፤ «በዛ» ያልነው በዚህ ነው። ዛሬ በየስብሰባው የምንሰማው «ብዝኃነት»ም የዚሁ ሥር ልጅ ነው። እሱ ግን ስንትነትን ትቶ ልዩ ልዩ መሆንን ያዘ። እኔ ለዚያ «ኅብር» ይሻል ነበር ባይ ነኝ።

መቁጠርን ግእዝ «ኈለቈ» ይለዋል፤ ቁጥርን «ኍልቍ»። ኦሪት ዘኍልቍ ስሙን ያገኘው መክፈቻው ላይ እስራኤላውያን በየነገዳቸው ስለሚቆጠሩ ነው። አማርኛ ይህን ሥር ትቶ «ቆጠረ» አለ። እኔ ደግሞ «ቆጠረ»ን ከ«ቋጠረ» አልለየውም። የግእዙ «ቈጸረ» ማሰር፣ መቋጠር ነው። ሰው አንድ ሁለት ሲል ገመድ ላይ ቋጠሮ ሲጥል ይታየኛል። ማስረጃህ ቀጭን ነው የሚሉኝ አሉ። ይበሉ፤ እኔ አልተወውም።

ወደ ጉዳያችን ልመለስ። በ1999 ዓ.ም. ቆጣሪው ቤታችን መጥቶ በሩ ላይ በጠመኔ 47 ብሎ ጻፈ። ከዚያ ገብቶ «ስንት ናችሁ?» አለ። ስድስት ነበርን። ቁጥራችን ስንት ነው? 47 ወይስ 6? የቤት ቁጥር፣ የስልክ ቁጥር፣ የጫማ ቁጥር እንላለን። ቁጥር ምልክትም ነው፣ መለያም ነው። ብዛት ግን «ስንት ናችሁ?» ለሚለው ብቻ መልስ ይሰጣል። ይህን የመሰለ ጥርት ያለ ቃል እያለን ለምን እንደምናሳድደው አይገባኝም።

ሌላም አለ። ቁጥር መቁጠርን ይጠይቃል። እኛ በዘመናዊ መንገድ የተቆጠርነው ሦስት ጊዜ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999። በ1987 53.5 ሚሊዮን ገደማ፣ በ1999 ደግሞ 73.7 ሚሊዮን ገደማ ሆንን። ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ ይቆጠር ቢልም አራተኛው ቆጠራ ተራዝሞ ተራዝሞ ቀረ። ስለዚህ ዛሬ በዜና «የሕዝብ ቁጥር» ተብሎ የሚነገረው ሁሉ ግምት ነው። ብዛት ይገመታል። ያልተቆጠረ ግን እንዴት ቁጥር ይባላል?

ለባልደረባዎ አንድ ነገር ልመንለት። በንግግራችን «በዛ» ስንል ከልክ አለፈ ማለታችን ነው፤ «ጨው በዛ» እንደምንለው። ትምህርት ቤትም «የሕዝብ ብዛት» ሲባል የኖረው አብዛኛውን ጊዜ ከችግርና ከድህነት ጋር ተጣብቆ ነው። ተማሪ ቃሉን ሲሰማ መጨናነቅ ቢታየው አልፈርድበትም። ከዚህ የሚሸሽ ሰው ወደ «ቁጥር» ቢሄድ ምክንያት አለው።

ደግሞም ሰዉ ሄዷል። ጋዜጠኛው፣ ባለሥልጣኑ፣ ተማሪው «የሕዝብ ቁጥር» ይላል፤ ሰሚውም ይገባዋል። ስሕተት ነው ብዬ ከማንም ወረቀት ላይ አልሰርዘውም፤ ውስጤን ቅር እያለውም ቢሆን። «73 ሚሊዮን ሕዝቦች» የሚለውን ግን እሰርዛለሁ። «ሕዝቦች» በሕገ መንግሥቱ መግቢያ ላይ «ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች» ከሚሉት ጋር ሲሰለፍ ቦታው ነው፤ የተለያዩ ሕዝቦች ማለት ነውና። 73 ሚሊዮን የተባለው ግን የሰው ቆጠራ ነው፤ «73 ሚሊዮን ሕዝብ» ይበቃል።

የእርስዎን ዓረፍተ ነገር ግን እንደ ጻፉት ይመልሱት።