በሁለተኛው እጥበት የደበዘዘው አረንጓዴ

ጥያቄ፦ የሲዝየም እርሳስ ብሮማይድ ናኖክሪስታል (እጅግ ጥቃቅን ክሪስታል) በኦሌይክ አሲድና በኦሌይላሚን ሠራሁ። በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ደማቅ አረንጓዴ ያበራ ነበር። በአሴቶን ሁለት ጊዜ ካጠብኩት በኋላ ግን ደበዘዘ፤ በሳምንቱ ከሥሩ ቢጫ ዝቃጭ ተኛ። ኦሌይላሚን ብጨምርበት ጭራሽ ነጣ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጥርጣሬዬ አሴቶኑ ላይ ነው። አሠራሩ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ እንዲያ አይደምቅም ነበር። ቢጫው ዝቃጭ ሊጋንዳቸውን፣ ማለትም ገጻቸውን ሸፍነው የሚጠብቋቸውን ሞለኪውሎች (እዚህ ኦሌይክ አሲዱንና ኦሌይላሚኑን)፣ ተገፈው እርስ በርስ የተጣበቁ ክሪስታሎች ናቸው።

ከሁሉ በፊት ግን፦ የያዙት እርሳስ ነው። ያለ ጓንትና ያለ ጭስ መሳቢያ አይንኩት።

ብዙ ሰው ሊጋንድ አንዴ ከተያያዘ የማይላቀቅ ይመስለዋል። እዚህ ነገሩ ሌላ ነው። አሲዱ ፕሮቶኑን ለአሚኑ (ለኦሌይላሚኑ) ሲሰጥ አሲዱ አሉታዊ፣ አሚኑ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛሉ፤ ክሪስታሉ ላይ የሚያቆማቸውም ይኸው ሙል ነው። ፕሮቶኑ ግን ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ወደ አሲዱ በተመለሰ ቁጥር ሁለቱም ሙላቸውን አጥተው ይለቃሉ። በፈሳሹ ውስጥ ትርፍ ሊጋንድ ካለ የለቀቀው ወዲያው ይተካል። አሴቶን ትርፉን ጠርጎ ስለሚወስድ ግን የለቀቀው ቦታ ባዶ ይቀራል፤ ብርሃኑን የሚበላው ያ ባዶ ቦታ ነው።

ኦሌይላሚን መጨመርዎ ጉዳቱን አባብሶታል። አሚን ሲበዛ እርሳስ ብሮማይዱን ከክሪስታሉ መዝዞ ያወጣና አረንጓዴ የማያበራ ነጭ ውህድ ያስቀራል። ያንን ናሙና ለማዳን አይድከሙ። ደግሞም 70 በመቶ ብቻ የጠራውን ርካሽ ኦሌይላሚን ገዝቶ ጥሩ ውጤት መጠበቅ ያናድደኛል፤ ጠርሙሱ ውስጥ ቢጫ ሆኖ ካዩት አይጠቀሙበት።

አዲስ ሲሠሩ በአሴቶን ፋንታ በሜቲል አሴቴት፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ ይጠቡ። ከእጥበቱ በፊት ዲዶዴሲልዳይሜቲል አሞኒየም ብሮማይድ የተባለውን ሊጋንድ በቶሉዊን አሟምተው ይጨምሩበት። ይህ አሞኒየም የሚሰጠው ፕሮቶን ስለሌለው የኤሌክትሪክ ሙሉን አያጣም፤ እንደ አሚኑም በቀላሉ አይለቅም። መጠኑን በትንሽ ናሙና ላይ፣ መብራቱን አብርተው ጠብታ በጠብታ ይፈትኑ፤ ድምቀቱ መጨመሩን ሲያቆም እርስዎም ያቁሙ። ከመጠን ካለፈ ክሪስታሉን ራሱን ይለውጠዋል። የረጅም ጊዜ ማከማቻ ከፈለጉ ግን እኔ የምመርጠው ሌሲቲንን ነው። የዙሪኩ ኢ.ቲ.ኤች. ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ከአኩሪ አተር የሚገኘውን ይህን ሊጋንድ ተጠቅመው ውጤቱን አሳይተዋል፤ ሁለቱም ሙሎች በአንድ ሞለኪውል ላይ ስላሉ ፕሮቶን መለዋወጥ አያስለቅቀውም።

ያጠቡበትን ፈሳሽ ጥርት ያለ ቢመስልም ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ አይድፉት። እርሳስ አለበት፤ ምልክት በተለጠፈበት የእርሳስ ቆሻሻ ጠርሙስ ውስጥ ያጠራቅሙት።