ድራጎንና የአንበሳ ጸጉር

ልጆቼ፣ ከ30 ዓመት በላይ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። የፍቅር ልብ ወለድ ለሚጠይቁኝ ሴት ልጆች «ሰው ወስዶታል» እል ነበር። መጽሐፉ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ማታ ይዤው የምሄደው እኔው ነኝ።

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ በቴሌግራም ያገኘችውን ፒዲኤፍ ስታነብ ነጋባት። «ምንድን ነው?» አልኳት። «ሮማንታሲ ነው እቴቴ። ድራጎን አለ፣ ጦርነት አለ፣ ፍቅር አለ።» ከዚሁ ዘርፍ አንዱ፣ የሬቤካ ያሮስ «ኦኒክስ ስቶርም»፣ በጥር 2017 ዓ.ም. ሲወጣ በመጀመሪያው ሳምንት 2.7 ሚሊዮን ቅጂ ገደማ ተሸጧል። (የእህቴ ልጅ ካነበበችው ፒዲኤፍ ግን ደራሲዋ አምስት ሳንቲም አላገኘችም። በሱ ሌላ ቀን እንጨቃጨቃለን።)

ስሙ አዲስ ነው እንጂ ነገሩ አሮጌ ነው። በ2ኛው ክፍለ ዘመን አፑሌዩስ የሚባል፣ የዛሬዋ አልጄሪያ ተወላጅ፣ በላቲን የጻፈው ታሪክ አለ። ሳይኪ የምትባል ቆንጆ ልጅ ለአውሬ ተዳረች ተብሎ ይለቀስላታል። ባሏ የሚመጣው በጨለማ ነው፤ ፊቱን ማየት ክልክል። አንድ ሌሊት ኩራዝ አብርታ ስታየው የፍቅር አምላክ ራሱ ሆኖ አገኘችው። ትኩስ ዘይት ትከሻው ላይ ጠብ አለበትና በርሮ ሄደ። አዎ፣ ክንፍ ነበረው! ከዚያ አማቷ ስንዴ፣ ገብስ፣ ሽምብራ፣ ምስርና ባቄላ ቀላቅላ «ሳይመሽ ለይተሽ ጠብቂኝ» አለቻት። እህል ለቅማችሁ የምታውቁ ይህ ከድራጎን እንደሚብስ ትረዱኛላችሁ። ደግነቱ ጉንዳኖች አዘኑላት። በስተመጨረሻም ከባሏ ጋር ሆነች።

እኛ ያደግነው በሌላ ፍቅር ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ምድጃ ላይ ወጥ ቢያርር ማንም አይነሳም ነበር። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ መጨረሻውን በርዕሱ ነግሮናል። እኛ ግን በዛብህና ሰብለ ወንጌል ይተርፋሉ ብለን እንጠብቃለን። ትልቅ መጽሐፍ ነው፣ አልከራከርም። ግን ልጃገረድ ሳለሁ ፍቅርና ለቅሶ አንድ ቤት የሚኖሩ ይመስለኝ ነበር። እናንተ የምታነቡት ግን ቃል ይገባላችኋል፦ መከራው የቱንም ያህል ቢከብድ አብረው ይሆናሉ። መጨረሻው ስለማያስፈራ መንገዱ ላይ እንደ ልብ መፍራት ይቻላል። ጸሐፊዎቹም ይህን ስለሚያውቁ መሳሙን 300 ገጽ ያዘገዩታል።

ይህ መዘግየት የኛኑ ተረት ያስታውሰኛል። ባሏ ፊቱን ያዞረባት ሴት መድኃኒት ፍለጋ ወደ አዋቂ ትሄዳለች። «የአንበሳ ጸጉር አምጪ» ይላታል። ሥጋ ይዛ ትሄዳለች። ዛሬ ከሩቅ ወርውራለት ትመለሳለች፣ ነገ አንድ እርምጃ ትጠጋለች። ብዙ ቀን ተመላልሳ ጸጉሩን ትነቅላለች። አዋቂው «አንበሳ ካለመድሽ ባልሽን እንዴት ያቅትሻል?» ይላታል። ሰው ሁሉ ስለ ትዕግሥት ይጠቅሰዋል። እኔን ግን ያናድደኝ ነበር። ሥጋ የምታመላልሰው ለምን እሷ ብቻ ናት?

የእህቴን ልጅ መጽሐፍ ሳነብ መልሱን ያገኘሁ መሰለኝ። ጥሩዎቹ ውስጥ አንበሳውም፣ ማለትም ወንዱም፣ ወደ እሷ ይራመዳል። ምን እንደምትወድ ያስታውሳል፣ ስትናገር ይሰማል፣ ሰይፍ ስትይዝ አይስቅባትም። ልጆቹን ሌሊት የሚያስነጋቸው የድራጎኑ ክንፍ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። ደራሲዋ የአውሬውን ልብ ከፍታ ታሳያችኋለች። የሰፈራችሁ ጎረምሳ ደራሲ የለውም። ስልካችሁን ከበረበረ፣ እጁን ካነሳ፣ «ውስጡ ጥሩ ነው» ብላችሁ ምዕራፍ 30ን አትጠብቁ። ያኔውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ።

የእህቴ ልጅ ቀጣዩን ክፍል ልካልኛለች። ፊደሉን አተልቄ ገጽ 112 ላይ ደርሻለሁ። ማን እንደሚሞት የምታውቁ እንዳትነግሩኝ።