ጋሼ ምርኩዝን ጠይቋቸው፦ ጫካና ተራራ ውሎ መግባት

ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትጠይቁ ስለከረማችሁ ጋሼ ምርኩዝን ለመንናቸው። ዛሬ ቅዳሜ ማታ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቁጭ ብለው ይመልሱላችኋል። ለአዲሶች፦ ጋሼ አራት ኪሎ አካባቢ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እሁድን ቤታቸው አሳልፈው አያውቁም። ጥያቄው ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤት ስለሚገባበት ጉዞ ብቻ ይሁን። ድንኳንና አዳር ለሌላ ቀን። — አስተናጋጇ

ጋሼ ምርኩዝ፦ እንደምን አመሻችሁ። ሻዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ሳትጠይቁኝ አንድ ነገር ልናገር፤ ዛሬ ደጋግሜ ስለምለው አትሰልቹ። እኛ ሀገር 12 ሰዓት አለፍ ሲል ፀሐይ የለችም። ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድቅድቅ ነው። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ሲሆን ጫፍ ደረሳችሁም አልደረሳችሁም ዙሩ። ደግሞ ከመሄዳችሁ አንድ ቀን በፊት እዚያው ለሚኖር ሰው ደውላችሁ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ። ባለፈው ወር የሄደ ጓደኛ የሚነግራችሁ ለዛሬ አይሠራም። በሉ ቀጥሉ።

ቤቲ ከፒያሳ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ለጀማሪ የት ይሻላል?

ጋሼ ምርኩዝ፦ እንጦጦ። ሲደክምሽ ሽሮ ሜዳ ወርደሽ ታክሲ ትይዣለሽ። ፓርኩ ውስጥ ሂጂ። ከፓርኩ ውጪ ያለው ጫካ ውስጥ ብቻሽን አትግቢ። ቅርብ ነው ብለሽ ግን አትናቂው፤ ከላይ 3,200 ሜትር ገደማ ነው። መስቀል አደባባይ 2,350 አካባቢ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይወርዳል። ታች በቲሸርት የተነሳ ሰው ላይ ላብ በላብ ሆኖ ንፋስ ሲያገኘው ታያለሽ።

ካዛንቺስ 7፦ ምን ጫማ ልግዛ?

ጋሼ ምርኩዝ፦ ያለህን አድርግ። ሶሉ ያላለቀ ይሁን። አዲስ ጫማ በጉዞ ቀን አይመረቅም። የእግር ጥፍርህን ደግሞ ቁረጥ፤ ቁልቁለት ላይ ታመሰግነኛለህ።

ካዛንቺስ 7፦ ብራንድ ማለቴ ነበር።

ጋሼ ምርኩዝ፦ ገብቶኛል። ቀጥሉ።

የአራት ኪሎዋ፦ ጋሼ፣ አንድ መንገድ ለእኔ የሚሆን መሆኑን በምን ልወቅ? አንዱ 10 ኪሎ ሜትር ይላል፣ ሌላው 15። ርቀቱን አይቼ ነው የምመዘገበው።

ጋሼ ምርኩዝ፦ ተባረኪ፣ ይሄ ነው ጥያቄ። ተራራ በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም። ከፒያሳ ቦሌ በእግር ብትሄጂ ስምንት ኪሎ ሜትር ብትይ ስምንት ነው። ተራራ ላይ ግን ስንት ሜትር ሽቅብ እንዳለው ካልተነገረሽ ምንም አልተነገረሽም። ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1892፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ያወጣው ስሌት አለ። እስከ ዛሬ ይሠራል። ለአምስት ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ያዢ። ለ600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ አንድ ሰዓት ጨምሪ። በቃ።

እንግዲህ ደርሶ መልሱ 15 ኪሎ ሜትር፣ ሽቅቡ 900 ሜትር የሆነ መንገድ አለ እንበል። ለርቀቱ ሦስት ሰዓት፣ ለሽቅቡ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ድምር አራት ተኩል። ይሄ ግን ለጠንካራ ሰው፣ ሳይቆም ለሚሄድ ነው። የእኛ ቡድን ሠላሳ ሰው ነው። ፎቶ አለ። ጫማው የሚፈታበት አለ። ግማሹን ጨምሪበት፦ ስድስት ሰዓት ከ45 ደቂቃ። ምሳ አንድ ሰዓት። ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ሆነ ማለት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት መራመድ ከጀመርሽ አሥር ሰዓት ሳይሞላ መኪናሽ ጋ ነሽ። አምስት ሰዓት ላይ ከጀመርሽ 12:45 ላይ ጫካ ውስጥ ነሽ፤ የሞት ሞትሽን በስልክ መብራት።

ይሄ ከመጽሐፍ አይደለም። አንድ ጊዜ እንግዳ ሆኜ ከሌላ አዘጋጅ ጋር ሄድኩ፤ ማን እንደሆነ ይቅር። ከከተማ ለመውጣት ጠዋት አንድ ሰዓት ተባለ፤ አውቶቡሱ ሦስት ሰዓት ተኩል መጣ። አስጎብኚው «ጫፍ ሳንደርስማ አንመለስም» አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ማታ ቁልቁለቱ ላይ ለ40 ሰው የነበረን መብራት ሦስት ነው። አንዲት ልጅ ቁርጭምጭሚቷ ዞረ፤ ተሸክመን ወረድን። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ስላችሁ የሽማግሌ ንዝንዝ አታድርጉት።

ሳሚ ካዛንቺስ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ወደ ኋላ ልመልስዎትና፣ እንጦጦ ጫካ ይባላል እንዴ? ባህር ዛፍ እኮ ነው። ሥሩ ሌላ ነገር አያበቅል።

የሰባራ ባቡር ልጅ፦ ባህር ዛፍ ባይኖር ካዛንቺስም አይኖርም ነበር። ምኒልክ እንጨት አልቆባቸው ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዞሩ ተነስተው አልነበር? ቤተ መንግሥት ሁሉ አሠርተው ነበር እኮ። ኋላ ነው ቤተ ክርስቲያን የሆነው።

ሳሚ ካዛንቺስ፦ ታሪኩን አውቃለሁ። ውሃውን ግን ይመጠዋል ነው የምልህ።

የሰባራ ባቡር ልጅ፦ እናትህ እንጀራ የጋገረችልህ በምን ነበር? በቅጠሉ አይደል?

ሳሚ ካዛንቺስ፦ እናቴን ምን አመጣት አሁን?

ጋሼ ምርኩዝ፦ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፣ ሁለታችሁም ከርዕስ ወጥታችኋል። እንጦጦ ላይ ይልቅ ስለ ዛፉ ከምትጨቃጨቁ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ሲመጡ ከመንገዱ ውጡላቸው። ባለፈው መሃል መንገድ ላይ ቆማችሁ ሴልፊ ስትነሱ አይቻለሁ።

ማሂ፦ ለጀማሪ የሚሆን ቦታ ቢጠቁሙን?

ጋሼ ምርኩዝ፦ ከላይ ተመልሷል።

የአራት ኪሎዋ፦ ነገ የምንሄድበት መናገሻ ሱባስ ምን አለው? ሁሉም ሰው ሱባ ሱባ ይላል።

ጋሼ ምርኩዝ፦ ይሄን ጠብቄ ነበር። ሱባ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ ያለ ጫካ ነው። እኛ በሰበታ በኩል ነው የምንገባው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መሆኑ ነው። የወጨጫ ጫፍ 3,385 ሜትር ነው።

እኔ ግን ሱባን የምወደው ዛፉን እያየህ ከፍታህን ስለምታነብበት ነው። ከታች ጥድ ነው። አንዳንዱን ሁለት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም። መሃል መሃል ዝግባ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት አለ። የጥቁር እንጨት ቅጠል ስታገኙ አሸት አድርጋችሁ አሽትቱ፤ የአልመንድ ዓይነት ሽታ አለው። ቀና ብላችሁ እዩ፤ ጉሬዛው እዚያ ነው። ዝም ካላችሁ የምኒልክ ድኩላም ታያላችሁ። ዝም ካላችሁ ነው።

ወደ ላይ ስትሉ ጥዱ ይሳሳል፤ ኮሶ ይመጣል። ኮሶ ወንድና ሴት አለው። ቀላ ብሎ እንደ ዘለላ የሚንጠለጠለው የሴቷ አበባ ነው። አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ በልተው ለትል የሚጠጡት እሱን ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ ቀምሼዋለሁ፤ ምሬቱን አሁን ሳስበው ፊቴ ይጨማደዳል። ኮሶ ስታዩ ብርዳማው ደጋ ውስጥ ገብታችኋል ማለት ነው። ጃኬት አውጡ። ሳይበርዳችሁ በፊት፣ ከበረዳችሁ በኋላ አይደለም።

ከኮሶ በላይ አስታ ነው፤ ቅጠሉ ደቃቅ፣ እንደ መርፌ። ቢጫ አበባ ያለው አሜጃ አብሮት አለ። አስታው እያጠረ ሲሄድ ጫፉ ቀርቧል። ንፋሱም የሚያገኛችሁ እዚያ ነው። ከዚያ በላይ ያለው የአባቶቻችን ውርጭ ነው፤ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ እያልን የተማርነው። ጅብራ የሚበቅልበት። ጅብራ ዓመታት ሙሉ ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብብና ይሞታል። ሱባ ላይ ግን እሱን ብላችሁ አትውጡ።

ፊሊፕስ፦ ስፒከር ላምጣ? ባለፈው ጉዞ ደብሮን ነበር።

ጋሼ ምርኩዝ፦ ምን?

ማሂ፦ እኔ ሙዚቃ ሲኖር ነው ሽቅቡን የምገፋው።

የሰባራ ባቡር ልጅ፦ ጆሮሽ ላይ አድርጊያ። ሁላችንን ለምን ታስጨፍሪናለሽ?

ፊሊፕስ፦ የቡድን ጉዞ እኮ ነው፣ ገዳም አይደለም።

ሳሚ ካዛንቺስ፦ ለአንዴ ከሰባራ ባቡር ልጅ ጋር እስማማለሁ። ጆሮ ላይ።

ጋሼ ምርኩዝ፦ አሁን ስለ ድኩላ ጽፌ ሳልጨርስ ስፒከር! አይመጣም። ጆሮ ላይም ቢሆን አንዱን ጆሮ ክፍት አድርጉ። ከኋላ «ቁሙ» ስንል የማይሰማ ሰው ነው የሚጠፋው። ስፒከር የሚያመጣ ሰው እኔን እንዳይጠብቅ።

ፊሊፕስ፦ እሺ ጋሼ። ድሮንስ?

ጋሼ ምርኩዝ፦ ያለ ፈቃድ ድሮን ይዘህ አትምጣ። በዚህ አልከራከርም።

ዳጊ፦ ባሌን ውሎ መግባት ይቻላል? ቅዳሜ ለሊት ወጥተን እሁድ ማታ?

ጋሼ ምርኩዝ፦ ከአዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። አይቻልም። ጎባ ወይም ዲንሾ አድረህ ግን በሀገራችን እንደሱ ያለ የቀን ጉዞ የለም። ዲንሾ አጠገብ የደጋ አጋዘን ታያለህ። ከጎባ ወደ ሰነቴ አምባ በመኪና ትወጣለህ፤ 4,000 ሜትር ገደማ ነው። ጅብራው እንደ ሰው ቆሞ ይጠብቅሃል። ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ሲያደባ ታያለህ። በዓለም ላይ የቀረው ቀይ ቀበሮ 500 ገደማ ነው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። በሌላኛው ወገን ስትወርድ ሀረና ጫካ ነው፤ ዛፉ ሁሉ ሽበት አብቅሏል።

አደጋው ይሄ ነው። እዚያው ሰነቴ ላይ ያለው ቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ሆኖ መኪና ጫፉ ድረስ ይወጣል። ሰው ሳይደክመው ስለሚደርስ ጤነኛ የሆነ ይመስለዋል። እዚያ የምትስበው ኦክስጅን ባሕር ወለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው። እኛ አዲስ አበቤዎች ትንሽ ለምደነዋል፤ ቢሆንም አናታችሁን ከወጋችሁ፣ ካቅለሸለሻችሁ፣ ኪኒን ውጣችሁ አትቀጥሉ። ውረዱ። መድኃኒቱ መውረድ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ደውሉ፣ መንገዱን ጠይቁ። አልኩ አይደል?

ካዛንቺስ 7፦ ሰሜን ተራሮችስ?

ጋሼ ምርኩዝ፦ የቀን ጉዞ አይደለም። ሌላ ቀን።

ሜሪ፦ ወንጪ ስንት ብር ይፈጃል?

ጋሼ ምርኩዝ፦ ዋጋ እኔን አትጠይቁኝ፤ በየወሩ ይለወጣል። ስለ ወንጪ ግን አንድ ነገር ልበልሽ፤ ወንጪ ያታልላል። ሌላ ተራራ ጠዋት ያደክምሽና ማታ ቁልቁል ይመልስሻል። ወንጪ ከእሳተ ገሞራው ከንፈር ነው የምትጀምሪው። ጠዋት እየዘለልሽ ወደ ሐይቁ ትወርጃለሽ። ጀልባ፣ ደሴቲቱ ላይ ቂርቆስ፣ ፍል ውሃ ትያለሽ። ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጉልበት ሲያልቅ፣ ሽቅቡ ይጀምራል። ስለዚህ እዚያ ስድስት ሰዓት የሚለው ሕግ ከሐይቁ የመነሻ ሰዓት ነው። ካቃተሽ ፈረስ ይከራያል፤ ነውር የለበትም።

ጆሲ፦ ስንቅ ምን ይሻላል? ቺፕስና ለስላሳ ነው የያዝኩት።

ጋሼ ምርኩዝ፦ ቺፕሱን ለመልስ አስቀምጠው። በሶ ያዝ። በጥብጠህ ትጠጣዋለህ፣ አይበላሽም፣ ቶሎ ጉልበት ይሆናል። ቆሎ በኪስህ፣ ኦቾሎኒ፣ ሙዝ፣ ዳቦ። ውሃ ቢያንስ ሁለት ሊትር። «ከወንዝ እጠጣለሁ» ያለ ሰው ሳምንቱን የት እንደሚያሳልፍ እናውቃለን። ፌስታላችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ሜሪ፦ ጾም ከሆነስ? ሳልበላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምቆየው።

ጋሼ ምርኩዝ፦ እሱን ከንስሐ አባትሽ ጋር ጨርሺ። እኔ ብሆን ያን ቀን አልወጣም።

ጆሲ፦ ውሻ ቢመጣብንስ?

ጋሼ ምርኩዝ፦ አትሩጥ። ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በል፤ አብዛኛው ይመለሳል። ባለቤቱን ጥራ፣ ሰላም በል። የሰው ማሳና ግቢ አቋርጠህ ሄደህ ነው ውሻ የሚመጣብህ።

ዳጊ፦ ክረምት ላይ መሄድ ይቻላል?

ጋሼ ምርኩዝ፦ ይቻላል፤ ጭቃውን ከወደድክ። ዋናው ጣጣ መብረቁ ነው። ክረምት ላይ ብዙ ጊዜ ዳመናው የሚከብደው ከሰዓት ነው። ነጎድጓድ ከሰማህ ከጫፉ ውረድ፤ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለል። እንግዲህ ስድስት ሰዓት ለምን እንደምል ሌላ ምክንያት ተገኘ። መስከረም አጋማሽ ካለፈ በኋላ ግን ሁሉ ነገር አረንጓዴ ነው፣ አየሩም ጥርት ያለ ነው፤ እስከ ጥር ድረስ ቤት አትቀመጡ።

የአራት ኪሎዋ፦ ነገ የምንገናኘው ድሮ ኬክ ቤቱ ጋ ነው?

ጋሼ ምርኩዝ፦ ኬክ ቤቱ ፈርሷል እኮ ልጄ። አድዋ ሙዚየም ፊት ለፊት፣ 11 ሰዓት ተኩል። 12 ሰዓት ላይ መኪናው ይነሳል፤ ማንንም አንጠብቅም። ሱባ ደውያለሁ፣ መንገዱ ሰላም ነው። እኔ ልተኛ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ አሁን ገባሁ። ለጀማሪ የት ይሻላል?

ቤቲ ከፒያሳ፦ ጋሼ ሳያዩት እኔ ልመልስ። እንጦጦ፣ ፓርኩ ውስጥ። ስድስት ሰዓት ላይ ዙር።

አዲስ ገቢ፦ የቀኑን ነው የሌሊቱን?