«ለእናትህ እንዳትነግራት»

«ባለቤቴ 44 ዓመቱ ነው። ከተጋባን 16 ዓመት ሆነን። ከሁለት ዓመት ወዲህ ጋራዥ ውስጥ ራሱ በበየደው የብረት ቱቦ ሞርታር ሠርቶ፣ በጥቁር ባሩድ ሲሚንቶ የተሞላ ቆርቆሮ ያስወነጭፋል። የእያንዳንዱን ተኩስ ርቀት በደብተር ይጽፋል። ሕልሙ አንድ ኪሎ ሜትር ማለፍ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የ13 ዓመት ልጃችንን ይዞ ሜዳ ይወጣል። ስቃወመው ‹አንቺ አይገባሽም› ይለኛል፤ ከዚያ ዝም። ባለፈው ወር ልጄ የግራ ቅንድቡ ተለብልቦ መጣ። ብጠይቀው ‹ምንም አልሆንኩም› አለኝ። ማታ ሊተኛ ሲል ነው የነገረኝ፤ አባቱ ‹ለእናትህ እንዳትነግራት› ብሎታል። ተናድጄ ባሩዱን ደበቅሁት። ሲያጣው ቤቱን ቀወጠው። ይኸው ሦስት ሳምንት ተኳርፈናል። አጋንኜ ይሆን?»

እህቴ፣ አላጋነንሽም።

መጀመሪያ የደበቅሽው ባሩድ። ጥቁር ባሩድ እንዲቀጣጠል አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ምድጃ ወይም ቦይለር አጠገብ፣ ወይም ልጅ የሚከፍተው ቁም ሣጥን ውስጥ ከሆነ ቤታችሁ አደጋ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ አትንኪው፤ ቆሻሻ ውስጥም አትጣይው። ማንም እንዳይቀርበው አድርጊና ወደ እሳት አደጋ ሠራተኞች ደውለሽ ምን እንደሚደረግ ጠይቂ። በብዙ አገሮች ባሩድም ሆነ እንዲህ ያለ መሣሪያ ያለ ፈቃድ መሥራትና መያዝ በሕግ ያስጠይቃል። ስለዚህ እንደምትደውዪ ለባለቤትሽ አስቀድመሽ ንገሪው። ከጀርባው እንዳደረግሽው አይሰማው።

አሁን ወደ እሱ ልምጣ። ይህ ሰው አብዷል ብዬ አላምንም። አንቺንና ልጁን ይጠላል ብዬም አላስብም። ፊውዙን ለኩሶ ወደኋላ ሲሸሽ፣ መሬቱ ከእግሩ ሥር ሲንቀጠቀጥ፣ ድምፁ ደረቱን ሲመታው፣ ቆርቆሮው እስኪወድቅ በሆዱ ሲቆጥር አስቢው። ከዚያ ሄዶ በሜትር ይለካል። ብዙ ሰው የሥራ ቀኑን ውሎ ማታ «ዛሬ ምን ሠራሁ?» ቢባል የሚያሳየው ነገር የለውም። እሱ ግን ደብተር ላይ የተጻፈ ቁጥር አለው። አንዱ ቅዳሜ ሩቅ ይሄድለታል፣ ሌላው አፍንጫው ሥር ይወድቅበታል። መቼ እንደሚሳካ የማይታወቅ ነገር ደግሞ ሰውን ከምንም በላይ ይይዛል። ቁማርን የማይለቅ ያደረገውም ይኸው ነው። «አንቺ አይገባሽም» ሲልሽ ከስድቡ ጀርባ ብቸኝነት ይሰማኛል። የሚያጫውተው ያጣ ሰው ነው። ልጁን ይዞ የሚሄደውም አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል።

ይህን የምልሽ ሰውየውን እንድታይው ነው እንጂ አደጋውን ለማሳነስ አይደለም። «ይህን ሁሉ ጊዜ ተኩሼ ምን ሆንኩ?» ቢልሽ የሚያታልለውን ነገር እወቂው። እ.ኤ.አ. በ1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር አየር ላይ ስትፈራርስ ሰባት ሰው ሞተ። ለአደጋው ምክንያት የሆነው የሮኬቱን መጋጠሚያ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት ነው፤ ይህ ቀለበት ሲበላ ከዚያ በፊት በነበሩ በረራዎች ታይቶ ነበር። በየጊዜው በሰላም ስለተመለሱ ግን ጉድለቱ ተለመደ። ሶሲዮሎጂስቷ ዳያን ቮን በኋላ ያጠናችው ይህንኑ ነው፤ ትናንት ያልጎዳ ስሕተት ዛሬ ትክክል መምሰል ይጀምራል። በጋራዥ የተበየደ ቱቦም እንደዚያው ነው። እያንዳንዱ ተኩስ ብየዳውን ሊያደክመው ይችላል፤ ከውጭ ግን ምንም ላይታይ ይችላል። ርቀት በተመኘ ቁጥር ባሩድ ይጨምራል፤ ባሩድ በጨመረ ቁጥር ግፊቱ ያይላል። አንድ ኪሎ ሜትር የሚለው ሕልም ራሱ ቱቦውን ወደ መፈንዳት ይገፋዋል።

የስኮትላንዱ ንጉሥ ዳግማዊ ጄምስ መድፍ በጣም የሚወድ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1460 የሮክስበርግን ምሽግ ከብቦ ሳለ አጠገቡ ያለው መድፍ ፈነዳና ስባሪው ገደለው። 29 ዓመቱ ነበር። ዙፋኑን የወረሰው ልጁ ገና ትንሽ ልጅ ነበር። ያ መድፍ በሙያተኞች የተሠራ ነው። የልጅሽ ቅንድብ ከተለበለበ ደግሞ ፊቱ እሳቱ አጠገብ ነበር ማለት ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ ግን ከቅንድቡም በላይ ያስጨነቀኝ ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት፤ «ለእናትህ እንዳትነግራት»። የ13 ዓመት ልጅ ላይ ይህ ከባድ ጭነት ነው። ቢናገር ቅዳሜውን የሰጠውን አባቱን ከዳ። ዝም ቢል እናቱን ዋሸ። ከሁሉ የከፋው፣ ስትጎዳ ደብቅ የሚል ትምህርት ወስዷል። ነገ ጆሮው ሲጮህበት፣ ጣቱ ሲቃጠል፣ ወይም ሌላ ሰው ሌላ ምስጢር ሲያስይዘው የሚያስታውሰው ይህንን ነው። ዛሬውኑ ብቻውን አግኚውና «ስለነገርከኝ ደስ ብሎኛል፣ ጥፋት አልሠራህም» በዪው። በዚያው አቁሚ። ስለ አባቱ አትመርምሪው፤ ሰላይሽም አታድርጊው።

ከባለቤትሽ ጋር ለመነጋገር ዓርብ ማታንና ቅዳሜ ጠዋትን አትምረጪ፤ ያኔ ልቡ ሜዳ ነው። እስካሁን አንቺ ስትከተይው እሱ ይሸሻል፣ እሱ ሲሸሽ አንቺ ድምፅሽን ትጨምሪያለሽ። ስለዚህ በሌላ በር ግቢ። ደብተሩን እንዲያሳይሽ ጠይቂው፤ እስቲ ከልብሽ ስሚው። መደበቅሽ ስሕተት እንደነበረም እመኚለት። ከዚያ ረጋ ብለሽ፣ «ልጁ እዚያ ቱቦ አጠገብ ዳግመኛ አይቆምም። ይህ ለድርድር አይቀርብም። አንተም እንድትሞትብኝ አልፈልግም» በዪው። እዚህ ላይ አትለሳለሺ። በጋራዥ የተበየደው ቱቦም መተኮሱ ይቁም። ሌላውን ሁሉ ተነጋገሩበት። በአንዳንድ አገሮች በፈቃድ የሚሠሩ የጥቁር ባሩድ ተኳሾች ክበቦች አሉ፤ የተመረመረ መሣሪያ፣ የታጠረ ሜዳ፣ የሚቆጣጠር ሰው አላቸው። እናንተ ጋ ካለ እዚያ ይሂድ። አንቺም አንድ ቀን ሄደሽ እዪለት።

እምቢ ብሎ ልጁን ደግሞ ከወሰደው ግን ነገሩ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ መሆኑ አብቅቷል። ለፖሊስ አመልክቺ። ትዳሬን አፈረስኩ ብለሽ አትሳቀቂ።

ከተስማማላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ሦስታችሁም ባላችሁበት ልጁን «ያን ቀን እናትህን እንድትዋሽ ያደረግኩህ እኔ ነኝ፤ ከእንግዲህ ማንኛውንም ነገር ልትነግራት ትችላለህ» ይበለው። አንቺ ብትዪው ልጁ ላይ ያለው ቃል አይነሣም። ያሰረው አባቱ ነው፤ ከአፉ መስማት አለበት።