መጨረሻቸው አንድ የሆነ የእንግሊዝኛ ቃላት

ጥያቄ፦ ልጄ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት የ2ኛ ክፍል ተማሪ ናት። መምህሯ በ«ኤ» እና በ«ቲ» ፊደላት የሚያልቁ አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላትን ከነትርጉማቸው እንድታጠና አዘዋታል። አነባበባቸውን በአማርኛ ፊደል ከጎናቸው ብጽፍላት ይረዳት ይሆን?
እናት፣ ከአራዳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቃላቱን በመጨረሻ ድምፃቸው ሰብስቦ ማስጠናት እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ቤት እንደሚመታ ስንኝ ጆሮዋ መጨረሻውን አንዴ ከያዘው፣ የምትለውጠው የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ይሆናልና። በ«ሲ» ሲጀምር ድመት፣ በ«ኤች» ባርኔጣ፣ በ«ኤም» ምንጣፍ፣ በ«አር» አይጥ ማለት ነው። በ«ቢ» የሚጀምረው ግን የሌሊት ወፍንም፣ በአንዳንድ ጨዋታዎች ኳስ የሚመታበትን ዱላም ስለሚያመለክት፣ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ቢያሳዩአት ይሻላል።

በአማርኛ ፊደል መጻፉን ግን አጥብቀን አንመክርም። የእነዚህ ቃላት አናባቢ በ«ካ» እና በ«ኬ» መካከል የሚገኝ፣ በፊደላችን የራሱ ምልክት የሌለው ድምፅ በመሆኑ፣ ድመት የሚለውን ቃል «ካት» ብለን ስንጽፍ መቁረጥ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር እናደባልቀዋለን፤ ባርኔጣውም በዚሁ መንገድ ከጎጆ ጋር ይምታታል። «ራት» እና «ባት» ደግሞ ልጅዎ አስቀድማ የምታውቃቸው የአማርኛ ቃላት ስለሆኑ ግራ መጋባቱ ይብሳል። ስለዚህ ድምፁን ከመምህሯ ወይም ከድምፅ ቅጂ ደጋግማ ብትሰማ ይመረጣል። «ምን» ማለት የሆነው የእንግሊዝኛ ቃልም በእነዚሁ 2 ፊደላት ያልቃል፤ አነባበቡ ግን የተለየ ስለሆነ ከዚህ ቡድን አውጥተው ለብቻው ያስጠኗት።